የቡና ሽታ የጠፋብኝ ዓመት

መጋቢት 2013 ዓ.ም. ነው፣ እሁድ ጠዋት። በዚያ ሰሞን ኮሮና ቤታችንን በተራ አዳርሶት ነበር። እኔም ከትኩሳቱ የተነሳሁት ገና ሁለት ቀኔ ነው። ቡና አማረኝና ከሰል አያይዤ፣ ቡናውን አጥቤ ምጣዱ ላይ አደረግኩት። እማዬ ጓዳ ውስጥ ዱቄት ትነፋለች። የወንፊቱ ድምፅ ይሰማኛል። እኔ በአንድ እጄ ቡናውን እያመስኩ በሌላው ስልኬን አያለሁ።

"አንቺ! አረረ እኮ!" እያለች እየሮጠች መጣች።

ቀና ብዬ ሳይ ክፍሉ ጭስ በጭስ ሆኗል። ፍሬዎቹ ጠቁረው ከሰል መስለዋል። ጭሱ ዓይኔን ይለበልበኛል፤ እንባዬ ይወርዳል። ግን ምንም አልሸተተኝም።

"አልሸተተሽም እንዴ?"

ዝም አልኳት። ምጣዱን አንስቼ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋሁና ወደ ውስጥ ሳብኩ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ሽታ የለም።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ አሸተትኩ። የበርበሬውን ዕቃ ከፈትኩ። የንጥር ቅቤውን ክዳን አነሳሁ። ነጭ ሽንኩርት ልጬ በጣቴ አሸሁት። የልብስ ሳሙናውንም ሞከርኩ። በመጨረሻ ልጄን አቅፌ ራሱን አሸተትኩ። ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የልጅ አናት የራሱ ጠረን አለው። እሱም የለም። ያኔ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ። አፍንጫዬ አልታፈነም። ጉንፋን ሲይዘን አፍንጫችን ስለሚዘጋ ሽታ ይጠፋል፤ ሲከፈት አብሮ ይመለሳል። የእኔ ክፍት ነው። አየሩ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ይህን ልዩነት እዚሁ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው በአፍንጫ ጠብታ ላይ ገንዘቡን ይጨርሳል። አፍንጫ ሳይታፈን ሽታ ድንገት ከጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው ነርቩ ያለበት ቦታ ነው።

ሚያዝያ 24 ፋሲካ ሆነ። እማዬ ሌሊቱን ዶሮ ስትሠራ አደረች። 55 ቀን ጾመን የመጀመሪያውን ጉርሻ እሷ አጎረሰችኝ። ጨው አለው። ያቃጥላል። ትኩስ ነው። እንቁላሉ ልስልስ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዶሮ ወጥን ዶሮ ወጥ የሚያደርገው ነገር የለበትም።

"እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ይጣፍጣል" አልኳት። ሌሊቱን እንዳልተኛች እያየሁ ሌላ ምን እላታለሁ?

ከበዓሉ በኋላ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ባለሙያ ሁለት ደቂቃ እንኳን አላናገረኝም። "የሽታ ነርቭሽ ሞቷል። ነርቭ አንዴ ከሞተ አይመለስም፤ ልመጂው" ብሎ ቫይታሚን ጻፈልኝ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ለዚያ ዓረፍተ ነገር መልስ ለመስጠት ነው። ዛሬም ተመሳሳይ ነገር ተነግሮት ቤቱ የተቀመጠ ሰው እንዳለ አውቃለሁና።

ግንቦት ላይ ዘመድ ጠቁሞኝ ወደ ሌላ ከአንገት በላይ ሐኪም ሄድኩ። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። የተባልኩትን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ማነው ሞተ ያለሽ?" አሉኝ። ከዚያ ወረቀት አውጥተው መሣል ጀመሩ። ያን ቀን የተማርኩትን ያህል በትምህርት ቤት ዘመኔ ስለ ሰውነቴ የተማርኩ አይመስለኝም።

"አፍንጫ አያሸትም" ብለው ጀመሩ። "የሚያሸተው አንጎል ነው።"

አንጎል የሚኖረው ጨለማ ውስጥ ነው። የራስ ቅል ዙሪያውን ዘግቶታል። ብርሃን አይገባው፣ ሽታ አይገባው። ክብደቱ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉት። ሰውነታችን ከሚጠቀመው ጉልበት አንድ አምስተኛውን እሱ ብቻውን ይወስዳል። የሰውነታችንን ሕመም ሁሉ የሚነግረን እሱ ሆኖ ሳለ፣ እሱ ራሱ ቢነካ አያመውም። ስለ ውጩ ዓለም የሚያውቀው ሁሉ ነርቮች የሚያመጡለትን ነው።

ነርቮቹ የሚያመጡት ደግሞ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ዓይን ብርሃኑን፣ ጆሮ የአየሩን ንዝረት፣ ቆዳ ግፊቱንና ሙቀቱን፣ አፍንጫ በአየር ላይ ያለውን ቅንጣት ይቀበላሉ። ሁሉም የተቀበሉትን ወደ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምት ይቀይሩታል። ምቱ በነርቭ ሴሉ ክር ላይ ይሮጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ኬሚካል ይረጫል። ቀጣዩ ሴል ያንን ተቀብሎ የራሱን ምት ይጀምራል። ፈጣኖቹ ነርቮች መልእክታቸውን በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ ያስኬዳሉ፤ ቀርፋፎቹ አንድ ሜትር ገደማ። የአልጋ እግር የእግር ጣታችሁን የመታችሁን ቀን አስታውሱ። መጀመሪያ ስለት የመሰለ ሕመም ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ የሚጠዘጥዘው ይከተላል። ሁለቱ በተለያየ ነርቭ ነው የተጓዙት፤ አንደኛው ቀድሞ ደረሰ።

"ምቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ታዲያ አንጎል ይሄ ብርሃን ነው፣ ይሄ ሽታ ነው ብሎ በምን ይለያል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"በመጣበት መስመር። ዓይንሽን ጨፍኚና ከቆቡ ላይ፣ በጆሮሽ በኩል ያለውን ጠርዝ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ ተጫኚው።"

አደረግኩት። በአፍንጫዬ በኩል ክብ ብርሃን ነገር ታየኝ።

"ብርሃን አለ?" አሉኝ። የለም። የነካው ጣቴ ነው። ግን የዓይን ነርቭ በምንም ተቀስቅሶ መልእክት ቢልክ፣ አንጎል "ብርሃን" ብሎ ነው የሚያነበው። ያቺን ቀላል ሙከራ አልረሳኋትም። ከአንድ ወር በኋላ ለደረሰብኝ ነገር ቁልፉ እሷ ነበረች።

ከዚያ ወደ አፍንጫ ተመለሱ። በአፍንጫችን ጣሪያ፣ በሁለቱ ዓይኖች መሀል ከፍ ብሎ፣ ትንሽ እርጥብ ቦታ አለች። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች እዚያ ላይ ጫፋቸውን ወደ አየሩ ዘርግተዋል። ሌላው ነርቭ ሁሉ በቆዳ ወይም በአጥንት ተሸፍኖ ሲኖር፣ እነዚህ ግን ከምንተነፍሰው አየር ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ። ክሮቻቸው ወደ ላይ ወጥተው አንዲት ስስ አጥንት ያልፋሉ። አጥንቷ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላባት ናት። "ልክ እንደ ወንፊት" አሉኝ። የእማዬ ወንፊት ትዝ አለኝ። ከወንፊቷ በላይ አንጎል ነው። ያን ያህል ቅርብ ነው። ጭንቅላቱን ክፉኛ የተመታ ሰው ሽታ የሚያጣውም አንዳንዴ እነዚያ ክሮች አጥንቷ ላይ ስለሚበጠሱ ነው።

ሰው 400 የሚያህል ዓይነት የሽታ ተቀባይ አለው። የእነዚህን ተቀባዮች ጂኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ያገኙት ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል በ2004 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። አንድ ቅንጣት ብዙ ተቀባዮችን ይነካል፤ አንድ ተቀባይም በብዙ ቅንጣቶች ይነካል። ስለዚህ ተቀባዮቹን እንደ ፊደል ቁጠሯቸው። አንጎል ፊደሎቹን ገጣጥሞ ቃሉን ያነባል። የተቆላ ቡና ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሽታ ያላቸው ቅንጣቶች አሉት። ረጅም ቃል ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አብዛኞቹ የአንጎላችን ነርቭ ሴሎች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ክሊኒኩ ያለኝ ነገር ምንጩ ይህ ይሆናል። የአፍንጫ ሽታ ሴሎች ግን ከዚህ ይለያሉ። በሥራቸው እናት ሴሎች አሉ፤ ዕድሜ ልክ አዳዲስ የሽታ ነርቭ እየወለዱ አሮጌውን ይተካሉ። በዚያ ላይ የኮሮና ቫይረስ በዋናነት የሚያጠቃው ነርቮቹን ሳይሆን በዙሪያቸው ያሉትን ደጋፊ ሴሎች ነው። እነሱ ሲጎዱ ነርቮቹ ሥራ ያቆማሉ። ለዚህ ነው አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ የሚመለስለት። ጉዳቱ ከበድ ያለበት ደግሞ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ሁሉም ሰው መቶ በመቶ ይመለስለታል አላሉኝም፤ እኔም አልልም። ግን "ሞቷል፣ አይመለስም" እና "ጊዜ ይፈልጋል" በመሀላቸው ምን ያህል ርቀት እንዳለ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ያውቀዋል።

ስለ ፌጦውም ነገርኳቸው። ጎረቤታችን አዝናልኝ ፌጦ ወቅጣ በውሃ በጥብጣ አምጥታልኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ስስበው አፍንጫዬን ሰንጎ ያዘኝ። አስነጠሰኝ፣ እንባዬ ፈሰሰ። "ሸተተኝ!" ብዬ ጮህኩ። ቤቱ ሁሉ ተደሰተ። ግን ነጭ ሽንኩርቱም ቅቤውም እንደ በፊቱ ዝም አሉኝ።

ሐኪሙ የፌጦው ሌላ ነርቭ ነው አሉኝ። ከአንጎል በቀጥታ ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች የሽታው አንደኛው ነው። አምስተኛው ደግሞ የፊት፣ የአፍንጫና የአፍ ስሜት ነው። ማቃጠሉን፣ ማቀዝቀዙን፣ መሰንፈጉን የሚያውቀው እሱ ነው። በርበሬ ሲታመስ የሚያስነጥሰን፣ ሚጥሚጣው የሚለበልበን በእሱ በኩል ነው። ዴቪድ ጁሊየስ የሚባለው ሳይንቲስት በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ይዞ ተነሥቶ፣ ሙቀት የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑሺያን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። የሚያቃጥለን በርበሬና የሚያቃጥለን እሳት አንድ በር ነው የሚያንኳኩት። የፋሲካው ዶሮ ወጥ ያቃጠለኝ ለዚህ ነበር።

ምላስ ደግሞ ብቻዋን የምታውቀው ጥቂት ነው። ጣፋጭ፣ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ መራራ፣ እና ሥጋ ሥጋ የሚለው ለዛ። የቀረውን "ጣዕም" የምንለውን ከአፍ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ወጥቶ የሚሸተን ነው የሚሠራው። ካላመናችሁ አንድ ፍሬ ኮረሪማ አፋችሁ ውስጥ ጨምሩና አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ አላምጡ። ከዚያ ልቀቁት። ኮረሪማው ድንገት የሚመጣው ያኔ ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ ሀዘኑ ነው። ሽታ ይህን ያህል የሚያስከፋ ነገር አይመስለኝም ነበር። ማየትና መስማት አንጎል ውስጥ መጀመሪያ ታላመስ የሚባል ማዞሪያ ጣቢያ ያልፋሉ። ሽታ ግን ያንን ጣቢያ ሳይጠብቅ፣ ስሜትና ትዝታ ወደሚሠሩበት ክፍል ይደርሳል። ዕጣን ሲጨስ አያቴ ከነነጠላዋ ትመጣብኝ ነበር። ያን ዓመት ዕጣን ጭስ ብቻ ሆነ። በራሴ ቤት ውስጥ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ። በዚያ ላይ የራስን ጠረን አለማወቅ ያሳቅቃል። በቀን ሁለት ጊዜ እታጠብ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሰው ዞር ካለ በእኔ የተነሣ ይመስለኛል። በመጨረሻ እማዬን "ስሸት በግልጽ ንገሪኝ" አልኳት። "ሳሙና ሳሙና ነው የምትሸቺው" አለችኝ። ቀለል አለኝ። እናንተም አንድ የምታምኑት ሰው መድቡ።

ሰኔ ላይ አንድ ማታ የሆነ ነገር ሽው አለኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩትም፣ ግን ሽታ ነው። በደስታ አልጋዬ ላይ ዘለልኩ። ደስታው አንድ ሳምንት አልቆየም።

እማዬ ቡና ቆላች። ጭሱ ሲደርሰኝ የተቃጠለ ጎማና የገማ ነገር አንድ ላይ የተቀላቀለ ይመስል አጥወለወለኝ። ወጥቼ ሮጥኩ። ማግስቱን ደግሞ የሽንኩርት ቁሌት። እሱም ያው ነው፤ ክርፋት። እንቁላል ጥብስ፣ ሥጋ ጥብስ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ በሕይወቴ አሽትቼው የማላውቀው መጥፎ ሽታ ሆነ። ሽታ ባይኖር ይሻላል ያልኩበት ጊዜ ነበር።

እኛ አገር ቡና ሸሽቶ መኖር ከሰው ሸሽቶ መኖር ነው። ለቅሶ ቤት ሄጄ ቡናው ሲመጣ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ቅር ያላቸው እንዳሉ በኋላ ሰማሁ። እማዬ ቤት ውስጥ ማፍላቱን ትታ ጎረቤት እየሄደች መጠጣት ጀመረች። ሳትነግረኝ። አንድ ቀን ከጎረቤት ግቢ ስትወጣ ሳያት ነው የገባኝ።

ሐኪሙ ጋ በንዴት ተመልሼ ሄድኩ። ፈገግ አሉ። "ክሮቹ እየተቀጠሉ ነው" አሉኝ።

የዓይኑ ሙከራ ትዝ አለኝ። አዲሶቹ ነርቮች ያደጉት ሁሉም እኩል አይደለም። ቡናው እንደ በፊቱ ብዙ ፊደል ይልካል፤ ከእኔ ዘንድ የሚደርሰው ግን ጥቂቱ ነው። አንዳንዱ ክርም የተሳሳተ ቦታ ሊገናኝ ይችላል። አንጎል ደግሞ የደረሰውን ማንበቡን አይተውም። ብርሃን ሳይኖር ብርሃን እንዳየሁት፣ ግማት ሳይኖር ግማት ይሸተኛል። ቡናና ሽንኩርት የብዙ ሰው ችግር የሆኑትም በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 እንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት፣ ከቡና ጠረን ውስጥ ድኝ ያለበት አንድ ቅንጣት ይህን የተዛባ ሽታ ከሚቀሰቅሱት ዋነኛው መሆኑን አሳይቷል። ቅንጣቷ በጣም ጥቂት ሆና እንኳን አፍንጫ ትነካለች። ጥናቱ ሲወጣ እኔ ድኜ ነበር፤ ግን ሳነበው እፎይ አልኩ። እብደት አልነበረም።

ያን ጊዜ የረዳኝን ልንገራችሁ። ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚተን፣ ቀዝቀዝ አድርጌ መብላት ጀመርኩ። እርጎ፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ቀዝቃዛ ድንች ይሄዱልኝ ነበር። ቁሌት ያለበትን ሁሉ ለጊዜው ተውኩ። ቆሎ ብዙ በላሁ፤ ሲንኮሻኮሽ ጆሮና ጥርስ ይደሰታሉ። ሎሚና ሚጥሚጣ ምግቡን ነፍስ ይሰጡታል፣ ምክንያቱም ምላሱና አምስተኛው ነርቭ ደህና ናቸው። ቤተሰብ ደግሞ "አትቅበጪ" ማለቱን እንዲተው አስረዱት። በየወሩ ተመዘኑ። እኔ ስድስት ኪሎ ቀንሼ ነበር።

ሐኪሙ ግንቦት ላይ ያስጀመሩኝ ደግሞ የማሽተት ልምምድ ነው። ጀርመን ድሬስደን ውስጥ ቶማስ ሁመል የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ነው። አራት ሽታ፤ ጽጌረዳ፣ ባህር ዛፍ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድ። ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ሲነግሩኝ ሳቅኩ፤ ከጽጌረዳው በቀር ሁሉም ደጃችን ያለ ነው።

የባህር ዛፍ ቅጠል ከአጥር ቆርጬ በመዳፌ አሽቼ ብልቃጥ ውስጥ ጨመርኩ። የሎሚ ልጣጭ በየሦስት ቀኑ እቀይራለሁ። ቅርንፉዱን ከቅመማ ቅመም ተራ ገዝቼ ሸክሸክ አድርጌ ወቀጥኩት። ለጽጌረዳ አበባ ቤት ሄድኩ፤ ቀይ፣ የሚያምር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍንጫዬን ቀብሬበት እውላለሁ። አንድ ቀን እማዬ አንስታ አሸተተችውና "ልጄ፣ ይሄ አበባ እኮ ምንም ሽታ የለውም" አለችኝ። ለገበያ የሚመረቱት ጽጌረዳዎች ብዙዎቹ መልካቸው አምሮ ብዙ ቀን እንዲቆዩ ስለሚዳቀሉ ጠረን የላቸውም። መርካቶ ሄጄ የጽጌረዳ ቅባት ገዛሁ። እናንተም አራቱን ነገሮች ከመጀመራችሁ በፊት ሽታ በደንብ የሚለይ ሰው ያሽትትላችሁ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ብልቃጡን ከፍቼ አፍንጫዬ ሥር አደርጋለሁ። በረጅሙ ሳይሆን በአጫጭሩ፣ ጥንቸል እንደምታሸተው፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ እስባለሁ። ከዚያ ትንሽ እረፍት፤ ወደ ቀጣዩ። ዋናው ነገር እያሸተቱ ማሰብ ነው። ቅርንፉዱን ስይዝ እማዬ ሻይ ስታፈላ፣ ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ አስባለሁ። ሎሚውን ስይዝ ጥርሴ እስኪጠርስ ድረስ አስበዋለሁ። አዲስ የበቀለውን ነርቭ አንጎል እንደገና ማንበብ እንዲለምድ ነው ሥራው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ምንም የለም። ባዶ ብልቃጥ የማሸትት መስሎኝ ነበር። የባህር ዛፉ ቅዝቃዜ ይሰማኛል፤ እሱ ግን የአምስተኛው ነርቭ ነው፣ እንዳትታለሉ። ሠንጠረዥ ሠርቼ ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ እሰጥ ነበር። ያ ሠንጠረዥ ባይኖር አቆም ነበር፤ ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ በዓይን ካልታየ አይታወቅም።

ነጭ ሽንኩርት ጭማቂም ሆነ የፌጦ ውሃ አፍንጫ ውስጥ አትጨምሩ። ሲያቃጥል የሠራ ይመስላል፤ ግን ያችን ትንሽ እርጥብ ቦታ ያቆስላል። ሽታ የጠፋው በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ፣ ደም ካለው፣ ጭንቅላት ከተመታችሁ በኋላ ከመጣ ወይም ያለ ምንም ጉንፋን ቀስ በቀስ ከጠፋ ልምምድ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። በተለይ አዛውንት ላይ ሽታ ቀስ ብሎ ጠፍቶ እጅ መንቀጥቀጥ ወይም እንቅስቃሴ መዘግየት ከተከተለ፣ ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት።

ቤታችሁንም ጠብቁ። ቡታጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ መፍሰሱ እንዲታወቅ ብለው ነው ሽታ የሚጨምሩበት። ሽታ ለጠፋበት ሰው ያ ማስጠንቀቂያ የለም። ጎማውን ባለቤቴ በየሳምንቱ በሳሙና አረፋ ይፈትሽልኝ ነበር። አረፋ ከነፋ ይፈስሳል ማለት ነው። ወጥ ስጥድ ስልኬ ላይ ደወል እሞላለሁ። ወተትና የተረፈ ምግብ ላይ ቀን እጽፋለሁ። ከከሰል የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ደግሞ ለማንም አይሸትም፤ አፍንጫው ደህና የሆነም ሰው ቢሆን መስኮት ከፍቶ ይጠቀም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሎሚው መጣ። ደከም ያለ፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ድምፅ። ግን ሎሚ ነው። ሠንጠረዡ ላይ "1" ብዬ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። 12ቱ ሳምንት ሲያልቅ ሐኪሙ ቀጥይ አሉኝ፣ ቀጠልኩ። ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ ስንጎዘጉዝ ተንበርክኬ አሸተትኩት። እርጥብ፣ አረንጓዴ፣ ትክክለኛ ቄጠማ። ሽንኩርት እስከ ኅዳር ድረስ አስቸገረኝ። ቡናው ከሁሉም ኋላ ቀረ።

ጥር 2014፣ ጥምቀት ማግስት፣ እማዬን "ዛሬ እዚሁ አፍይ" አልኳት። አየችኝ። መስኮቱን ከፍታ ጥቂት ፍሬ ብቻ ቆላች። ምጣዱን ይዛ መጥታ ጭሱን በእጇ ወደ እኔ እርግብ እርግብ አደረገችው፤ ለመሸሽ ተዘጋጅቼ ነበር። ከሥሩ ትንሽ ያ መጥፎው አለበት። ከላዩ ግን ቡና ነው። ሦስተኛውን ስኒ ድረስ ጠጣሁ። ትንሹ መጥፎ ሽታ በፋሲካ አካባቢ ሳላውቀው ጠፋ።

አራቱ ብልቃጦች ኩሽና መደርደሪያ ላይ ቆይተው አምና የጎረቤታችን ልጅ ከከባድ ጉንፋን በኋላ ሽታ ጠፋብኝ ብላ ስትመጣ ለእሷ ሰጠኋት። ሠንጠረዡንም ባዶውን ቀዳሁላት። ቅርንፉዱን ግን አዲስ ግዢ አልኳት፤ ሲቆይ ጠረኑ ይደክማል፣ እሷ ደግሞ ደከመ ወይም አልደከመ ብላ ማወቅ አትችልም።